ካፒታልና ስሞል፣ ሀ እና ሐ፦ ዳታቤዝ ሁለት ስሞችን ‹‹አንድ ናቸው›› የሚለው መቼ ነው?

አራት ኪሎ አቅራቢያ ባለ አንድ ክሊኒክ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት አንዲት እናት ቆመዋል። መዝጋቢዋ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ‹‹ፀሐይ›› አሉና የአባታቸውን ስም ጨመሩላት። ልጅቱ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ ‹‹አልተገኘም›› አለ።

‹‹እማማ፣ እዚህ ካርድ አውጥተው ያውቃሉ?››

‹‹አዎ የኔ ልጅ፣ ለጥምቀት ሰሞን ታክሜ ነበር። ግፊት አለብዎት ያሉኝም እዚሁ ነው።››

መዝጋቢዋ እንደገና ሞከረች፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋም ፈለገች፤ አሁንም አልተገኘም። ከኋላ ያለው ወረፋ እየረዘመ ስለነበር አዲስ ካርድ ከፈተችላቸው። በዚያች ደቂቃ የእኚህ እናት የሕክምና ታሪክ ለሁለት ተከፈለ፤ ከሰዓት በኋላ ያያቸው ሐኪምም ቀደም ሲል የታዘዘላቸውን መድኃኒት በስክሪኑ ላይ ሊያገኘው አልቻለም።

ያንን የመመዝገቢያ ሲስተም ከሠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ካርድ ፍለጋ የገባሁት በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ነበር። ካርዱ በቦታው አለ። በአማርኛው አምድ የተጻፈው ‹‹ጸሃይ›› ተብሎ ነው፤ በእንግሊዝኛው አምድ ደግሞ በጥር ወር የነበረው መዝጋቢ ካፕስ ሎክ በርቶበት ስለነበር ስሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በካፒታል ተጽፏል። ልጅቱ የፈለገችው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ በካፒታል፣ የቀሩትን በስሞል አድርጋ ነው። ሁለቱ ፍለጋዎች የከሸፉት በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው፤ ለዓይናችንና ለጆሯችን አንድ የሆነው ነገር ለማሽኑ ሁለት ነበር።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። አስኪ በተባለው የቁጥር አሰጣጥ የእንግሊዝኛው ካፒታል ኤ 65 ሲሆን ስሞሉ ኤ 97 ነው፤ ከኤ እስከ ዜድ ያሉት 26 ፊደሎች ሁሉ ካፒታላቸውና ስሞላቸው የሚራራቁት በ32 ነው። ማሽኑ ሁለት ጽሑፎችን ሲያነጻጽር ቁጥሮቹን ብቻ ጎን ለጎን ካስተያየ፣ 65 እና 97 እኩል አይደሉምና ‹‹ይለያያሉ›› ብሎ ይመልሳል። ‹‹ኤ በካፒታልም በስሞልም ያው ኤ ነው›› የሚለው ዕውቀት ያለው በእኛ ዘንድ ነው፤ ማሽኑ እንዲያውቀው ከተፈለገ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ሊነግረው ይገባል።

ያ ቦታ በዳታቤዝ ውስጥ ኮሌሽን ይባላል። ኮሌሽን ማለት ሁለት ጽሑፎች እኩል መሆን አለመሆናቸውን፣ እኩል ካልሆኑም የትኛው እንደሚቀድም የሚወስን የሕግ ስብስብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዕለት ተዕለት የምንጠቀምባቸው ዳታቤዞች ምንም ሳይነገራቸው የሚከተሉት ሕግ እርስ በርሱ አይስማማም። ማይኤስኪውኤል ካልታዘዘ በስተቀር ካፒታልና ስሞልን አይለይም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 8.0 በራሱ የሚመርጠው ኮሌሽን ስሙ የሚያልቀው በ‹‹ሲአይ›› ነው፣ ትርጉሙም በካፒታልና በስሞል መካከል ልዩነት አያደርግም ማለት ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርም አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው እንዲህ ሆኖ ነው። ፖስትግሬስኪውኤልና ኦራክል በተቃራኒው ይለያሉ። ኤስኪውላይት ከሁሉም የበለጠ ያደናግራል፦ በእኩል ምልክት ሲጠይቁት ይለያል፤ የቃል ክፍልን በሚፈልገው በላይክ ትእዛዝ ሲጠይቁት ግን 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ሳይለይ ያያል፤ ምልክት ያለባቸውን የፈረንሳይኛ ወይም የጀርመንኛ ፊደሎች ግን ይለያል።

እኛ ሲስተሙን ስንጀምር በየላፕቶፓችን የነበረው ማይኤስኪውኤል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስም ስንፈልግ በካፒታል ብንጽፍም በስሞል ብንጽፍም ውጤት ስለሚመጣ ጥያቄው ራሱ በአእምሯችን አልነበረም። በኋላ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ስንዛወር በስክሪፕታችን (ከዳታቤዙ ጋር በሚነጋገረው የፕሮግራም ጽሑፋችን) ውስጥ የነበረው የፍለጋ ትእዛዝ አንድም ነጥብ ሳይቀየር ተሻገረ፤ ትርጉሙ ግን ተቀየረ። የዚህ ዓይነቱ ብልሽት ክፋቱ ቀይ የስህተት መልእክት አለማውጣቱ ነው። ሲስተሙ አይቆምም፤ በትሕትና ‹‹አልተገኘም›› ይላል፣ መዝጋቢዋም ታምነዋለች። (ለማይኤስኪውኤል ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ላክል፤ መረጃው ውስጥ ካፒታልና ስሞልን የማይለየው ይኸው ዳታቤዝ ሊኑክስ ላይ ሲጫን የሠንጠረዦችን ስም ግን ይለያል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ የከረመ ፕሮግራም ሰርቨር ላይ በተጫነ ቀን ‹‹እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለም›› የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።)

ብዙ ፕሮግራመሮች ይህ ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚወስዱት እርምጃ በስክሪፕቱ ውስጥ ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል ወደ ስሞል መቀየርና በፍለጋ ትእዛዙ ውስጥም አምዱን ጽሑፍን ወደ ስሞል በሚቀይረው በሎወር ተግባር መጠቅለል ነው። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን ለመረዳት ወደ ካርድ ክፍሉ እንመለስ። በድሮው የካርድ ክፍል ካርዶቹ በመደርደሪያ ላይ በፊደል ተራ ተሰድረው ስለሚቀመጡ መዝጋቢው የሚፈልገውን ስም ለማግኘት ሺህ ካርድ አያገላብጥም፤ ወደ ፊደሉ ሄዶ ጥቂቱን ብቻ ያያል። ዳታቤዙ ለፈጣን ፍለጋ ሰድሮ የሚይዘው ማውጫ፣ ኢንዴክስ የሚባለው፣ የሚሠራው እንደዚያ ነው። አምዱን በሎወር ጠቅልለን ስንጠይቅ ግን ዳታቤዙን ‹‹ካርዶቹ ላይ እንደተጻፈው ሳይሆን ሁሉም በስሞል ቢጻፉ ኖሮ የሚሆኑትን ስም ፈልግልኝ›› እያልነው ነው፤ መደርደሪያው በዚያ መልክ ስላልተሰደረ ያለው አማራጭ እያንዳንዱን ካርድ አንስቶ፣ በስሞል ጽፎ ማየት ብቻ ነው። ጥቂት መቶ ታካሚ ላለው ክሊኒክ ይህ አይታወቅም። መዝገቡ በመቶ ሺዎች ሲቆጠርና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አምስቱም መስኮቶች በአንድ ጊዜ ሲፈልጉ ግን ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ መደርደሪያውን በምንጠይቅበት መልክ መሰደር ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ኢንዴክስን በአምዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሎወር ውጤት ላይም መሥራት ይፈቅዳል፤ ማይኤስኪውኤልም ከስሪት 8.0.13 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ይፈቅዳል። በፖስትግሬስኪውኤል ሲአይቴክስት የተባለ፣ ካፒታልና ስሞልን የማይለይ የአምድ ዓይነትም አለ። አይላይክ የሚባለውም ትእዛዝ ልዩነቱን ችላ ብሎ ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ተራ ኢንዴክስ አያግዘውም፣ በተለይም ‹‹ማንኛውም ጽሑፍ›› ማለት የሆነው የመቶኛ ምልክት ከፊት ሲቀድመው። መዝጋቢ የስም መጨረሻ ጽፎ መጀመሪያውን እንዲፈልግለት ከተፈለገ ትራይግራም የተባለው፣ ጽሑፉን በሦስት ሦስት ፊደል ከፋፍሎ የሚይዘው የኢንዴክስ ዓይነት ያስፈልጋል።

በስክሪፕቱ በኩልም አንድ ጥንቃቄ አለ። ‹‹ወደ ስሞል ቀይር›› የሚለው ትእዛዝ በየፕሮግራም ቋንቋው አንድ አይደለም። በፒኤችፒ ተራው ተግባር በዛሬው ስሪት የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደሎች ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ በኤምቢ የሚጀምረውን ተግባር መጠቀም ይገባል። ፓይተን ለማነጻጸር ተብሎ የተዘጋጀ ኬዝፎልድ የሚባል ተግባር አለው፤ ለምሳሌ የጀርመንኛውን ነጠላ ኤስሴት ወደ ድርብ ኤስ ይፈታዋል። በቱርክኛ ደግሞ ነጥብ ያለው አይ እና ነጥብ የሌለው አይ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ ሰርቨሩ በቱርክኛ ሕግ ከተዋቀረ የካፒታል አይ ስሞል እኛ የምንጠብቀው አይሆንም። የከተማችን አብዛኛው ሲስተም ይህ አይነካውም፤ እንግዶችን የሚመዘግብ ሆቴል ግን ሊያስብበት ይገባል።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛውን ካርድ ያስገኛል። ‹‹ጸሃይ››ን ግን አያስገኝም።

የእኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል ስለሌለው ጉዳዩን የፈረንጅ ጣጣ አድርገው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳስብ ኖሬአለሁ። እንዲያውም የእኛ ከእንግሊዝኛው ይከብዳል። በግእዝ ለየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ከዚህም ሌላ በእነዚህ የሀ እና የአ ቤተሰቦች ግእዙና ራብዑ፣ ማለትም ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ፣ በአነጋገራችን አይለዩም። የዓለምን ፊደሎች በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ሲቀበል ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ማድረግ የነበረበትም ይህንኑ ነው። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ጸ 4920፣ ፀ 4928 ነው። ከእንግሊዝኛው የሚለየው ነገር ኮሌሽን የሚባለው ሕግ እዚህ አለመርዳቱ ነው፤ ካፒታልና ስሞልን አንድ የሚያደርገው ‹‹ሲአይ›› ኮሌሽን ሀ እና ሐን እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ያያቸዋል። ሎወርም አይነካቸውም፤ የሚያሳንሰው ነገር የለምና።

የሚያስከትለውን ስፋት ለማየት ያንኑ ስም እንውሰድ። ‹‹ፀሐይ›› ሲጻፍ ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለ፤ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት ምርጫ አለ፤ በድምሩ 12 አጻጻፍ ይሆናል። ‹‹ዓለምፀሐይ›› ከሆነ ለመነሻው አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አራት ምርጫ ስለሚጨመር 48 ይደርሳል፤ ‹‹ዓለም›› እና ‹‹ፀሐይ›› ተለያይተው በክፍተት ሲጻፉ ደግሞ 96። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፤ መዝጋቢዋም ከመስኮቱ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ካፒታልና ስሞልን የሚለይ ፍለጋ የሚያጣው በቸልተኝነት የተጻፈውን ነው፤ ሀ እና ሐን ያላገናኘ ፍለጋ ግን በትክክል የተጻፈውንም ያጣል፤ ምክንያቱም በሁለቱ ወገን ያሉት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ትክክል ነን ብለው የሚያምኑበትን ነው የጻፉት።

እኛ ያደረግነው፣ ለሌሎችም ያለማመንታት የምመክረው፣ በታካሚው ስም አጠገብ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ አምድ መጨመር ነው። የፍለጋ ቁልፍ ብለነዋል። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ግን ከስሙ በሕግ ይወጣል። ሕጉ የእንግሊዝኛውን ወደ ስሞል ይለውጣል፤ በአማርኛው ደግሞ የሐ ቤትና የኀ ቤት ሰባት ሰባት ፊደሎችን ሃንም ጨምሮ ወደ ሀ ቤት፣ የሠ ቤት ሰባቱን ወደ ሰ ቤት፣ የዐ ቤት ሰባቱን ኣንም ጨምሮ ወደ አ ቤት፣ የፀ ቤት ሰባቱን ወደ ጸ ቤት ይመልሳል፤ ሓ እና ኃ እንደ ሃ ሁሉ ሀ ይሆናሉ፣ ዓም እንደ ኣ ሁሉ አ ይሆናል። በጠቅላላው 37 ፊደሎች ናቸው፣ ሗ እና ኋን የመሳሰሉትን ሳንቆጥር። ኸን ሆን ብለን ትተነዋል፤ ግእዙ ኸ ሲነበብ እንደ ሀ ስላልሆነና በሰው ስም ውስጥም ከሌሎቹ ጋር እምብዛም ስለማይቀያየር ነው። በፖስትግሬስኪውኤል ትራንስሌት የሚባለው ተግባር ይህን የፊደል በፊደል መተካት በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል፤ ከስሪት 12 ጀምሮም ዳታቤዙ ራሱ እያሰላ የሚሞላው አምድ ማዘጋጀት ስለሚቻል ስክሪፕቱ ቢረሳ እንኳ ቁልፉ አይረሳም። በማይኤስኪውኤል ትራንስሌት ስለሌለ ወይ መተካቱን በስክሪፕቱ ውስጥ መሥራት፣ ወይ አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካውን የሪፕሌስ ተግባር ደራርቦ መጻፍ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ሕጉ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ መሆን አለበት የሚለው ነው። መዝጋቢዋ የምትጽፈው ቃልና በዳታቤዙ የተቀመጠው ስም በአንድ ተግባር ውስጥ ካላለፉ፣ አንዱ ሃን ወደ ሀ ሲመልስ ሌላው ሳይመልስ ይቀርና ፍለጋው ከበፊቱ ይልቅ ይበላሻል። በአንድ ሲስተም ውስጥ የምዝገባው ገጽ፣ የፍለጋው ገጽና የሪፖርቱ ገጽ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የስሞል ለውጥ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ያወጡ ነበር።

የተጻፈውን ስም ራሱን ወደ ሀ ወደ ሰ ለውጦ ማስቀመጥ ግን ስሕተት ነው። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ የሌላውን ንብረት ወሰደ ማለት ነው። ዓመት የ12 ወር ከጳጉሜን ዘመን ሲሆን አመት በግእዝ አገልጋይ ሴት ናት። ቁልፉ እነዚህን ቢደባልቅ ጉዳት የለውም፤ ሥራው ማስገኘት ነው። የሰው ስም ግን የባለቤቱ ነው፤ በካርዱ ላይ ታትሞ ሲወጣ ባለቤቱ በሚጽፈው ፊደል መሆን አለበት። ለትግርኛ ስሞች ይህ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በትግርኛ ሐ እና ዐ እስከ ዛሬ የራሳቸው ድምፅ አላቸውና አንድ ማድረጉ ለፍለጋ ቢጠቅምም ለጽሑፍ አይፈቀድም። የይለፍ ቃልም እንዲሁ አይነካም፤ የሚነጻጸረው እንደተጻፈ ብቻ ነው። የኢሜይል አድራሻ ላይ፣ ከአት ምልክት በኋላ ያለው ክፍል ካፒታልና ስሞልን አይለይም፤ ከምልክቱ በፊት ያለው በደንቡ መሠረት ሊለይ ይችላል፤ በተግባር ግን የታወቁት አገልግሎቶች ስለማይለዩ ለመግቢያና ለፍለጋ በስሞል ማነጻጸር፣ ደብዳቤ ለመላክ ደግሞ ሰውየው እንደጻፈው መያዝ ይሻላል።

ምህጻረ ቃል ሌላ ራስ ምታት ነው። ገ/ማርያም፣ ገ.ማርያም፣ ገብረ ማርያምና ገብረማርያም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ገ/ የሚለውን ወደ ገብረ መፍታት አብዛኛውን ጊዜ አያሳስትም። ወ/ማርያም ግን ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ማርያም፣ ተ/ማርያምም ተክለ ማርያም ወይም ተስፋ ማርያም ሊሆን ስለሚችል ማሽኑ እንዲገምት አላደረግንም፤ ለእነዚህ ሁለቱንም ፍቺ ፈልጎ ለመዝጋቢዋ እንዲያሳያት ነው ያደረግነው። ክፍተቱን፣ ነጥቡንና እዝባሩን (/) ከቁልፉ ውስጥ ማውጣቱ ግን ቀላል ነው፤ ብዙም ያስገኛል።

ቁልፉ ከተሠራ በኋላ የቀረው ከሁሉም አድካሚ የነበረው ሥራ ነው፤ ቀድሞ ለሁለት የተከፈሉትን ካርዶች መልሶ ማገናኘት። የሰውን ስምና የአባት ስም ቁልፍ አንድ ላይ አድርገን ከአንድ ካርድ በላይ ያላቸውን አወጣን። ቁልፋቸው አንድ የሆነ ሁሉ አንድ ሰው አይደለም፤ ስሟ ፀሐይ፣ የአባቷም ስም አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት የሰፈር ሰዎች በቀላሉ ይገኛሉ። ስለዚህ ማሽኑ በራሱ አንድም ካርድ እንዲያዋህድ አልፈቀድንም፤ የአያት ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የልደት ዘመንና አድራሻ ጎን ለጎን እያየ የወሰነው ሰው ነው፤ አጠራጣሪው ባለቤቱ እስኪመጣ እንዲቆይ ተደረገ።

እኚያ እናት በቀጠሯቸው ቀን ሲመጡ ያችው መዝጋቢ መስኮቱ ላይ ነበረች። ስማቸውን ጻፈች፤ ሁለቱም ካርዶች ተከታትለው መጡ፣ አንዱ ‹‹ጸሃይ››፣ አንዱ ‹‹ፀሐይ››። የአያታቸውን ስምና ስልካቸውን ጠይቃ የእርሳቸው መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ አንድ አደረገቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ‹‹እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ስምዎን ሲጽፉት በየትኛው ነው?›› አለቻቸው።

‹‹በፀሐዩ ፀ ነዋ›› አሉ፤ ‹‹ቀጥሎ ሐመሩ ሐ።››